ሃያ ደቂቃ የታጠበው ፊልም

ጠብታዋ ቡናማ ሆነች። ሽማግሌው ጠረጋትና ሌላ የመፈተኛ ጠብታ ፊልሙ ጠርዝ ላይ ጠብ አደረገ። እሷም ቡናማ ሆነች። በደንብ በታጠበ ፊልም ላይ ቢሆን እንደ ውሃ ጠርታ ትቀር ነበር፤ ከጠቆረች ግን ፊልሙ የታተመበት ኬሚካል ታጥቦ አልለቀቀም ማለት ነው።

"ጉድ ፈላ!" አለ ለራሱ።

ከአሥራ ሁለቱ ጥቅሎች ዘጠኙ ደህና ናቸው። ሦስቱን ግን ትናንት ያጠባቸው እሱ ራሱ ነው፤ በማን ያሳብባል? ሠላሳ አንድ ዓመት ከማጠቢያው ገንዳ ስላልተለየ ሠራተኞቹ "ጋሽ ገንዳ" ይሉታል።

ድርጅቱ ድሮ ለሲኒማ ቤቶች የፊልም ቅጂ ያትም ነበር። ሲኒማ ቤቶቹ ፊልም ሲተዉ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። መሥራቹ ሲሞቱ ልጃቸው ሥራ አስኪያጅ ሆነችና አንድ ነገር ታያት፤ ኮምፒውተር ቶሎ ያረጃል፣ ፊልም ግን ብርሃንና አጉሊ መነጽር ካገኘ የልጅ ልጅም ያነበዋል። አሁን የሰው ሰነድ ፊልም ላይ እያተሙ ያኖራሉ። የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛ የልደት መዝገብ ቤቱ ነው። ግማሹን መዝገብ ጎርፍ ስለበላበት፣ የተረፈውን ለአምስት መቶ ዓመት አኑሩልኝ ብሏል።

በሲኒማው ዘመን አንድ ቅጂ ስድስት ሳምንት ታይቶ ይጣላል። "ለሚጣል ፊልም ውሃ አትጨርስ!" ይሉት ነበር መሥራቹ። ያኔ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ አዲሱ መመሪያ አንድ ሰዓት ይላል። ትናንት ወሬ ይዞት፣ እጁ በድሮ ልማዱ ሃያ ደቂቃ ላይ ውሃውን ዘጋ።

ሥራ አስኪያጇ ገባች።

"ጋሼ፣ ፊልሙን የሚወስደው መኪና እኮ በር ላይ ነው። አልጨረሱም እንዴ?"

"ሦስቱ አይሄዱም፣ ልጄ። አሳጥሬ አጥቤያቸዋለሁ።"

ክው አለች። "እንዲህ ሆነው ስንት ዓመት ይቆያሉ?"

"ሠላሳ። ቢበዛ አርባ። ከዚያ የቀረው ኬሚካል ጽሑፉን እየበላ ያጠፋዋል።"

"እስከዚያ ማን ያውቃል?" አለችና ወዲያው አፈረች።

አልፈረደባትም፤ እሱም ይህንኑ አስቦ ነበር። ያኔ እሱ አፈር ነው። ግን ሦስቱ ጥቅሎች ላይ አርባ ሺህ ሕፃናት አሉ። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ መቼ ተወለድኩ፣ የማን ልጅ ነኝ ብለው ሲመጡ ባዶ ፊልም ሊቀበላቸው ነው።

"እንደገና አጥባቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ይደርሳሉ።"

"እሺ፤ ውሃ ጠፋብን እላቸዋለሁ" ብላ ስልኳን አወጣች።

"ውሃ መቼ ጠፋ?"

"ጋሼ፣ ውሉን ረሱት? የተሳሳተ ሰው ከሥራው ይነሳ ይላል። እርስዎን ካስነሱብኝ ምን ይዤ እቀራለሁ? ዝም ይበሉ፣ እኔ ልዋሽ" ብላ ደወለች።

ለእሱ ብላ መሆኑ ደስ አሰኘው። ቤት ውሎ ግድግዳ ማየት ደግሞ ያስፈራዋል።

"ልጄ፣ አምስት መቶ ዓመት ኖሮ የሚያጣራን ደንበኛ የለም" አለ ቀስ ብሎ። "እኛ የምንሸጠው እመኑን ማለትን ነው። ዛሬ በውሃ ከዋሸን ምን ቀረን?"

ስልኩ ተነሳ። "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ። እሷ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው።

ሽማግሌው እጁን በሽርጡ አደራረቀና ስልኩን ከእጇ ተቀበላት።

"አቤት ጌታዬ፣ ፊልም አጣቢው ነኝ" አለ። "ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"