ለክንድ የሚሆን ቦታ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔና ፎርማኑ በኮምፒውተር የሠራነው የፓምፕ ክፍል «ዜሮ ግጭት» የሚል ውጤት አሳየ። ሁለት ቀን ሙሉ ቧንቧን ከቧንቧ፣ ቧንቧን ከምሰሶ ስናላቅቅ ነበርና እጄን ከማውዙ ላይ አንሥቼ ወደ ኋላ ተደገፍኩ። ፎርማኑ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ይሄን ቫልቭ ማን ነው የሚከፍተው?» አለ።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ፕላን የሠራሁት በጠፍጣፋ መስመር ነው። አሁን ድርጅቱ፣ ሕንፃው መሬት ላይ ከመቆሙ በፊት በኮምፒውተር ውስጥ ከነግድግዳው፣ ከነቧንቧው፣ ከነኤሌክትሪክ ገመዱ በሙሉ አካሉ መገንባት አለበት ብሎ ሥልጠና አስገባን። ሁለት ነገሮች አንድ ቦታ ላይ ከተደራረቡ ሶፍትዌሩ በቀይ ያሳያል፤ ግጭት የምንለው እሱን ነው። ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር ሲመደቡ ወጣቶቹ ቶሎ ቶሎ ተመራረጡ። የተረፍነው እኔና ፎርማኑ ነበርን።

ልጆቹ «አባ መፍቻ» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሮ ባለፈው ዓመት ወድቆ ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ መሰላል መውጣት አይችልም። ድርጅቱ አንድ ዕድል ሰጠው፤ የሰኞውን ፈተና ካለፈ የቧንቧ ሞዴሎችን የሚመረምርበት ጠረጴዛ ያገኛል፣ ካላለፈ ይሰናበታል። ፈተናው ይኸው የፓምፕ ክፍል ነው። ዜሮ ያመጣ ያልፋል።

«ጋሼ፣ ዜሮ ነው እኮ» አልኩት።

«ዜሮውንማ አየሁት፣ እህቴ። እጅ የሚገባበትን ነው ያጣሁት።»

ማውዙን እንደሚፋጅ ነገር በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ቫልቩን ከግድግዳው ስንዝር ያህል አራቀው። ሦስት ቦታ ቀይ በራ።

ከኋላችን የተቀመጠው ኤሌክትሪሺያን «አባ መፍቻ፣ ቤቱን አቃጠልከው!» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

አሠልጣኛችን የልጄ እኩያ ናት። መጥታ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እኔ የማየው ሪፖርቱን ነው። ሰኞ እንዲህ ሆኖ ከመጣ ልረዳዎት አልችልም።»

«ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር ክንድ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ ቅር ያላለው!»

ቀኝ እጁን ዘረጋላት። ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም። «እንዲህ ያደረጋቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቫልቭ ነው። ውሃው ይፈሳል፣ ሰው ይጮኻል፣ እኔ እጄን እዚያ ሰክቻለሁ። የቀረውን ተዪው። ሌላ ሰው ላይ ይሄን አልሠራም።»

ቫልቩን እንዳራቀው ተወው። ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝና «ሰኞ አንቺ ወደ ግድግዳው መልሺውና እለፊ። የኔን ነገር ተዪው» አለኝ።

«ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ ጋሼ። ግማሹን ይዤ አላልፍም።»

እሑድ ከሰዓት ለልምምድ ብዬ የራሴን ሳሎን በኮምፒውተር ሠራሁ። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ሶፋውን እየለካሁ አስገባሁ። ልጄ መጥታ በትከሻዬ ላይ አየች።

«እማዬ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ጥግ ባዶ ነው። መደርደሪያውን እዚያ ብታደርጊው መተላለፊያው ይሰፋልሽ ነበር።» ማውዙን ተቀብላኝ መደርደሪያውን ስባ አስገባችው። ሶፍትዌሩ ምንም አላለም።

«አይሆንም» አልኩ። «ተይዟል።»

መደርደሪያውን ወደ ነበረበት መለሰችና ወደ ጓዳ ገባች። የአባቷ ወንበር እዚያ ጥግ ነበር የሚቀመጠው። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው።

ሶፍትዌሩ ዝም ያለው ስላልነገርኩት ነው። በጥጉ ልክ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ሳጥን ሠርቼ አቆምኩና መደርደሪያውን ደግሜ ሳብኩት። ቀይ በራ።

ሰኞ ጠዋት ፎርማኑ ገና ሳይቀመጥ ሜትር አወጣሁ። «ጋሼ፣ መፍቻህን ይዘህ ክንድህን ዘርጋ።»

«ምነው፣ ሱፍ ልታሰፊልኝ ነው?»

ከክርኑ እስከ መፍቻው ጫፍ ለካሁ። መፍቻውን ሲያዞርም የሚወስደውን ቦታ ለካሁ። በዚያ ልክ ሳጥን ሠርቼ ከቫልቩ ፊት አቆምኩ። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ነገር ስም ይጠይቃል።

«ምን እንበለው?»

«ክንድ በዪዋ! ሌላ ምን ይባላል?»

ግጭቱን አስፈተሽኩ። አሥራ አንድ ቀይ።

«ጭራሽ ባሰበት!»

«አሁን ክንድህን አየልህ ማለት ነው። በል አንተው አስተካክለው» ብዬ ማውዙን ሰጠሁት።

ቧንቧዎቹን በሙሉ ከክፍሉ እያወጣ ዳር ላይ ደረደራቸው፤ መኪና ገና አሁን ያራገፋቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ሥራው ላይ እንደሚገጥማቸው በየተራ ያስገባቸው ጀመር። «ትልቁ ይቅደም፤ እሱ መታጠፍ አይወድም። ፍሳሹ ቁልቁለት ይፈልጋል፤ ከነካካሽው ይበቀልሻል። ገመድ የዋህ ነው፤ በመጨረሻ በጣሪያው ሥር እንሰደዋለን።»

«ገመድን የዋህ የሚለው ነዝሮት ስለማያውቅ ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

እጁ ሁለት ጊዜ ስቶ ፓምፑን ከሕንፃው ውጭ ወረወረው። ሁለቴም መልሶ አመጣው። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሊረፍድ ሲል አሠልጣኟ ከጎናችን ቆመች። እሱ በማይታጠፈው ጣቱ ቁልፉን ተጫነ።

ዜሮ።

«ይሄ ሳጥን ምንድን ነው?» አለች።

«ክንዴ ነው።»

ሞዴሉን እያዞረች ከላይም ከጎንም አየችው። ከዚያ ሳጥኑን ቀድታ በሌሎቹ ሠልጣኞች ሞዴሎች ውስጥ፣ በየቫልቩ ፊት አስገባችው። የሁሉም ሞዴል የሚታይበት ትልቁ ስክሪን ቀላ።

«አባ መፍቻ፣ ምን በደልንህ?» ብለው ልጆቹ ጮኹ።

«እስከ ዐሥር ሰዓት አስተካክሉ» አለቻቸው። «ጋሼ አልፈዋል። ከፈለጉ ያግዟችኋል።»

ፎርማኑ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፤ ሲበዛ ቆየበት።

«ባዶ ቦታን እንዲህ ዕቃ ማድረግ የት ተማርሽ?» አለኝ።

«ቤት ስለማመድ።»

አየኝ።

«ሳጥኑን እንዳትሰርዢው» አለና ጉልበቱን ደግፎ ተነሣ። እያነከሰ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ጠረጴዛ ሄዶ ወንበር ሳበ።

«በል ጠጋ በል፣ ሳቂታው። ክንድህን ዘርጋና እንለካው።»