ያባባ ድርሻ

ጣሊያን ከወጣ በአሥር ዓመቱ ነው። በዓል ሳይሆን የእነአሰገደች ጎረቤት ዚነት ሳህን ሙሉ ጣፋጭ ሐላዋ ይዛ ከች አለች። «ብዪ እንጂ አሰገደች፤ ወላሂ ካልበላሽ አልሄድም!»

የአሰገደች ባል አቶ ክፍሉ ባቡር ላይ ሲሠራ አይሻ ጣቢያ ላይ ወባ ጥሎት ሞቷል። ከእሷ በቀር ከዚራ ሰፈር ሁሉ ሰምቷል፤ መርዶው ግን ነገ ጎህ ሲቀድ ነው፤ እስከዚያ ሆዷ እህል ይያዝ ብለው ነው። ምን ዓይነት ደግነት ነው ጎበዝ!

የስድስት ዓመቷ ልጇ አለምብርሃን ትልቁን ቁራጭ ሰርቃ በነጠላ ጫፍ ቋጠረችና አልጋ ሥር ሸሸገችው።

ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች መጡ። ወዲያው እናቷ ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ተዘረረች፤ ዚነትም አብራ ትጮሃለች። አለምብርሃን ወደ አልጋው ሥር ሮጠች። ተነቃባት! እማዬ ሌባ ልጅ ወለድኩ ብላ ነው የምታለቅሰው።

ቋጠሮዋን አወጣች፤ ጉንዳን ወሮታል። እያራገፈች በሰዎቹ እግር መሃል ተሹለክልካ እናቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«በቃ አታልቅሺ እማዬ፤ አልበላሁትም። ያባባ ድርሻ ነው። ሲመጣ አንቺው ስጪው።»