በእጄ የጻፍኩት እርጅና

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በማዘጋጃ ቤቱ የሞት ምዝገባ መስኮት ተቀምጫለሁ። ከመስታወቱ ሥር እጅ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ሰዎች ወረቀታቸውን በእሷ ያሾልኩልኛል፣ እኔ ሟቹን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፣ ማኅተም መትቼ ማስረጃውን እመልሳለሁ። ጽሑፌ ያምራል። አለቆቼ ሁልጊዜ ያመሰግኑኝ የነበረው በዚያ ነው።

ከተማችን ሰላማዊ ናት ይባል ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለችው ግን ስሟ የጠፋ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰውን እየመረጡ ተራ በተራ ሲገድሉ የኖሩ ሦስት ሰዎች፣ እርስ በርሳቸው እንኳ የማይተዋወቁ፣ ተይዘውባታል። ጋዜጣው ጻፈባት። ሬዲዮ ላይ አንድ ምሁር ቀርቦ፣ ነገሩ ከተዘጋው የከሰል ማውጫ የመጣ ይሁን ከአባቶች መጠጥ፣ ሲተነትን አንድ ሰዓት ፈጀ። እኛ ትንታኔ አላስፈለገንም። «ውሃው ነው» ብለን ጨረስነው። ወንዙ አንድ መሆኑን፣ እኛም የምንጠጣው እሱኑ መሆኑን ልብ ያለ የለም።

ልጄ «ላገባው ነው» ብላ ይዛ የመጣችው ሰው የማዶ ልጅ ሆኖ አረፈው። መነጽር ሠሪ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲቀመጥ እንኳ ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል። የመጀመሪያ ቀን ምሳ ላይ ዳቦ ሊቆርስልኝ ብሎ ቢላዋውን ሲያነሳ፣ አፌ እንዳመጣልኝ፣ «ኧረ ተው! እሱን ለእኔ ስጠኝ፤ እናንተ አገር ቢላዋ የያዘ ሰው አይታመንም!» አልኩ።

ወንድሞቼ በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቀ። ቢላዋውን አዙሮ፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ ሰጠኝ። ልጄ ግን ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች፤ እስክንነሳ ድረስ ቀና አላለችም። ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር አንድ ቀልድ አላጣሁለትም። እሱም ሁሌ ይስቃል። ስለሚስቅ አልከፋውም ብዬ ደምድሜ ነበር። እናቱ ሆስፒታል ውስጥ እንደምትሠራ ሠርጋቸው ላይ ተነገረኝ፤ ምን እንደምትሠራ ግን አልጠየቅኩም። ከማዶ ሰው ጋር ወሬ ማብዛት አልፈለግኩም።

አክስቴ፣ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት፣ ሰማንያ ሰባት ዓመት ሲሞላት እግሯ እምቢ አላትና አረጋውያን ማረፊያ ገባች። ሃያ ሁለት አልጋ ያለው ንጹሕ ቤት ነው። የቤቱን ነርስ ከተማው ሁሉ «ቀስታ» እያለ ይጠራዋል፤ ሲናገርም ሲራመድም የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ነው የሚመስለው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በማረፊያው ሲሞት የነርስ ፊርማ ብቻ ይበቃል፤ ሐኪም አያስፈልግም። የማዘጋጃ ቤታችን ደንብ ነው። ስለዚህ ቀስታ የመስኮቴ ደንበኛ ነበር። ሰልፍ ጠብቆ፣ ለእኔ ሁለት ሎሚ ወይም አንድ ከረሜላ በቀዳዳዋ አሾልኮ፣ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ሞተች ተባለ። ልጄና ባሏ አብረውኝ መጡ፤ እሱ ደውሎላት ኖሮ እናቱም በአውቶቡስ ተሻግራ ደረሰች። አጭር፣ ጠንካራ እጅ ያላት ሴት ናት። አስከሬኑን የምናጥበው ሁለታችን ሆንን። ለስለስ ብላ፣ እንደለመደች ሁሉ፣ የአክስቴን ዓይን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ከንፈሯን ገለበጠች። እጇ ቆመ።

«ሐኪም አይቷቸዋል?» አለችኝ።

«ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው እኮ ነው።»

«ዕድሜያቸውን አልጠየቅኩም፣ እህቴ። ይምጡና ይዩ። ዓይናቸው ውስጥ ያሉትን ቀያይ ነጥቦች ያያሉ? ከንፈራቸው ደግሞ ከውስጥ በራሳቸው ጥርስ ተጨፍልቆ ቆስሏል። እንዲህ የሚሆነው አፍ ላይ የሆነ ነገር ሲጫን ነው። ከመቀበራቸው በፊት ሐኪም ይያቸው።»

አየሁ። ነጥቦቹን አይቻለሁ። በዚያች ቅጽበት ግን ደሜ ፈላ። ከማዶ መጥታ፣ በአክስቴ ሬሳ ላይ ቆማ፣ በእኛ ከተማ ነፍሰ ገዳይ ልትፈልግ!

«እናንተ አገር የለመዳችሁትን ጉድ ወደ እኛ አታምጡብን!» ብዬ ጮኽኩባት። «እዚህ ሰው በዕድሜው ነው የሚሞተው!»

በሩ ክፍት ነበር። ቀና ስል የልጄን ባል አየሁት፤ የውሃ ባልዲ ይዞ የበሩ ደፍ ላይ ቆሟል። አልሳቀም። እናቱ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ የአክስቴን ፀጉር አበጥራ ጨረሰች፣ ሻርፗን አንስታ ሄደች። እሁድ ቀበርን።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ወይም አውቃለሁ፣ መዝገቡን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመርኩ። የማረፊያውን አድራሻ እየፈለግኩ በእርሳስ ነጥብ አደረግኩ። ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት አሥራ አራት። ከሃያ ሁለት አልጋ! ከዚያ በፊት ያለውን ዓመት ገለጥኩ፤ ዘጠኝ። ከዚያም በፊት ያለውን፤ ስምንት። አስመዝጋቢ በሚለው ዓምድ በሙሉ የቀስታ ፊርማ። ቀስታ ሳይቀጠር በፊት የነበሩትን ዓመታት አየሁ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። የሞት ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ፣ አንዱ ከሌላው ሳይዛነፍ፣ «እርጅና» «እርጅና» «እርጅና» ይላል።

 ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። እኔና ቀስታ ጨዋታ ነበረን። ከሰልፉ ጫፍ ብቅ ሲል ገና ሳይደርስ ብዕሬን አነሳና «ዛሬስ ማን ደከመው?» እለዋለሁ። እሱ ፈገግ ይላል። «እርጅና?» እላለሁ። «እርጅና» ይለኛል። ቃሉን አንድም ቀን እሱ ቀድሞ ከአፉ አላወጣውም። ሁልጊዜ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

የሆነውን በዚያው ሰኞ ለፖሊስ መናገር እችል ነበር። ጣቢያው ከቢሮዬ መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ባንዲራው በመስኮቴ ይታየኛል። አልሄድኩም። ለራሴ ብዙ ምክንያት ደረደርኩ፤ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይደለም፣ ጡረታዬ አሥራ አራት ወር ቀርቶታል፣ የከተማው ስም፣ የማረፊያው ቦርድ። እውነቱ ግን አንድ ነው። ከሄድኩ ያቺ ሴት ልክ ነበረች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሬሳ ላይ ቆሜ ሰድቤያታለሁ። ይህን ከማመን ዝም ማለት ቀለለኝ። ማክሰኞም ዝም፣ ረቡዕም ዝም አልኩ።

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቀስታ በመስኮቱ ብቅ አለ። ሁለት ሎሚ አሾለከ።

«እትዬ፣ በአክስትዎ በጣም አዝኛለሁ። እኔም እንደ እናቴ ነበር የማያቸው።» ወረቀቱን ቀጥሎ አስገባ። «ትናንት ደግሞ ፖስተኛው አረፉልን።»

ፖስተኛውን ማን የማያውቅ አለ! ሠላሳ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ አድሎናል። እኔን «አንባቢዋ» ነበር የሚለኝ፤ ልጅ ሳለሁ የሰውን ፖስታ አድራሻ ጮክ ብዬ ስለማነብ። ባለፈው ሳምንት አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ እግሩን ነው እንጂ ሌላ የሚያመው ነገር አልነበረም።

 ቀስታ ይጠብቃል። ከኋላው ስድስት ሰው ተሰልፏል። ዓይኑን ሽሽት ወደ መዝገቡ አቀረቀርኩ፤ ብዕሬ የሄደበትን ያየሁት ጽፌ ስጨርስ ነው። እርጅና። ማኅተሙን መታሁ። «ይባረኩ፣ እትዬ» ብሎ ሄደ።

መጋረጃውን ዘጋሁና፣ ሰልፈኛው እያጉረመረመ፣ መዝገቡን በሻርፔ ጠቅልዬ በጓሮ በር ወጣሁ። መዝገብ ከቢሮ ማውጣት ከሥራ ያስባርራል። መንገድ ተሻግሬ ወደ ጣቢያው እንኳ አልገባሁም፤ አዛዡ የማረፊያው ቦርድ ሰብሳቢ ወንድም ነው። ወደ አውቶቡሱ ነው የሮጥኩት።

ማዶው ሆስፒታል ገብቼ፣ እሷን ጠይቄ ምድር ቤት ወረድኩ። «የአስከሬን ክፍል» ይላል በሩ። ያቺ ሴት የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ የሲሚንቶ ወለል ትወለውላለች። ስታየኝ መወልወያዋን ግድግዳ አስደገፈችው።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። ሌላ ምንም።

መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ ዓምዱን ተከትላ ወረደች። ጣቷ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ፣ «ይሄ የዛሬ ነው» አለች።

«የዛሬ ነው።»

«ተቀበሩ?»

«ነገ ነው ቀብሩ። እህታቸው ከሩቅ እስኪደርሱ ነው የሚጠበቀው።»

«እንግዲያው ገና ነው።» ጎማ ቦቷን ማውለቅ ጀመረች። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እያወለቀች፣ ድምጿን ሳታነሳ ነገረችኝ። ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ሴት ወንዝ ገብታ ሞተች ተብሎ አመጡላት፤ ስትገለብጣት ግን ከአፏ ጠብታ ውሃ አልወጣም። አርፈሽ ወለልሽን ወልውዪ አሏት። የክፍሉን ቁልፍ ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ ሐኪም ካላየ አልከፍትም ብላ ሁለት ቀን በር ላይ ተኛች። የመጀመሪያው ገዳይ በዚያ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው፣ ሽማግሌም ሆነ ለማኝ፣ ሐኪም ሳያየው አይቀበርም የሚል ደንብ ወጣ። ሌሎቹ ሁለቱ በዚያ ደንብ ነው የተገኙት።

«ሰው ውሃው ነው ይላል አሉ» አለች። «ልጄ ነግሮኛል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ያን ቀን ያልኩዎት…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን ሌላ ጊዜ» አለችኝ። «አሁን የሁለታችንን ከተማ የሚያየው ዐቃቤ ሕግ ለምሳ ሳይወጣ እንድረስበት።»

ደረስንበት። ቀብሩ ታገደ። ፖስተኛውን ሁለት ሐኪሞች መረመሩት፤ ነጥቦቹ በእሱም ዓይን ውስጥ ነበሩ፣ ጉሮሮው ውስጥ የትራስ ጨርቅ ክር ተገኘ። ቀስታ ቅዳሜ ተያዘ። እንደወትሮው ለስለስ ብሎ፣ ሲደክማቸው አሳረፍኳቸው እንጂ ማንንም አልጎዳሁም አለ። ፍርድ ቤቱ ያረጋገጠው ዘጠኝ ነው። እኔ በእርሳስ ያደረግኩት ነጥብ ከፖስተኛው ጋር ሠላሳ ሁለት ነው። በመሃል ያሉት በእርጅና ይሙቱ በትራስ የሚያውቅ የለም፤ አክስቴንም ከመቃብር አውጥተው አይተው ማረጋገጥ አልቻሉም።

ከዚያ ጋዜጦች መጡብን። ሬዲዮው ያንኑ ምሁር አቀረበ፤ አሁን ስለ እኛ ከተማ ነው የሚተነትነው። ጎረቤቶቼ ሰላምታዬን መመለስ ተዉ። አንዷ ገበያ መሃል «ስማችንን አጠፋሽው!» አለችኝ። አንዳንዱ ደግሞ፣ እንዲያውም የባሰው፣ ጀግና ይለኛል። ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ያወጣሁበትን ጥፋት ይቅር ብሎ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። እምቢ የምልበት አንደበት አጥቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ተቀበልኩ።

የልጄን ባል ሱቁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። መስታወት እየሞረደ ነበር፤ ማሽኑን አጠፋ።

«የተናገርኩህን ሁሉ እርሳልኝ፣ ልጄ» አልኩት።

«እማማ፣ እኔስ እስቅ ነበር» አለ። «ስስቅ ግን እናቴን እየሸጥኳት ይመስለኝ ነበር። አሁን እሷን ቀና ብዬ ማየት እያቃተኝ ነው።» ያፈርኩት እኔ ብቻ ሲመስለኝ፣ እሱንም በቤቴ ምሳ ላይ አሳፍሬው ኖሯል።  ማሽኑን መልሶ ሲያስነሳ ወጣሁ።

በሦስተኛው ወር የፖስተኛው እህት መስኮቴ መጣች። ነጭ ፀጉር ያላት ረጅም ሴት ናት። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ በቀዳዳዋ አሾለከችልኝ፤ ማስረጃው እንዲታረም ነው። አሮጌውን ሰረዝኩ፣ አዲሱን ጻፍኩ፦ «በሰው እጅ፤ በማፈን።» ማኅተሙን አንስቼ ሳለሁ፣

«በመዝገቡ ላይ ቀድመው የደረሱበት እርስዎ ነዎት ይላሉ» አለችኝ።

«አዎ።»

«መቼ ነው የደረሱበት?»

ዐቃቤ ሕጉ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ዳኛውም አልጠየቀኝም። ሐሙስ ዕለት ብል ማንም አያስተባብለኝም።

«ሰኞ» አልኳት።

መስታወቱን ተደገፈች። «ወንድሜ የሞተው ረቡዕ ነው።»

«አዎ። ረቡዕ ነው።»

ከኋላዋ ያለው ሰው ሳለ። እሷ ግን አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። እጇን በቀዳዳዋ ዘርግታ ጠበቀች። ማኅተሙን መትቼ ሰጠኋት። ማስረጃውን እዚያው ቆማ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ስሕተት እንደሌለበት ስታረጋግጥ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደህና ይዋሉ ሳትለኝ ሄደች። ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።