አልጋ የሌለበት ቤት

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ሱሪ ለክቶ ይደግማል፤ ደንበኛው ሰልችቶት ሊሄድ ሲል ይሠልሳል። እንዲህ ያለው ጠንቃቃ ሰው ነው እንግዲህ በገዛ ቤቱ ላይ ጉድ ሊያፈላ የነበረው።

የሚሰፋው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ከስፌት መኪናው ጀርባ የአማቱ አልጋ አለ። እማማ ዓይናቸውን ታክመው እስኪያገግሙ ብለው ለጥቂት ቀን መጡ፤ ይኸው ዓይናቸው ድኖ የወደቀ መርፌ ከሱ ቀድመው ያያሉ፣ የመሄድ ነገር ግን አልተነሣም። መቀመጣቸውስ ባልከፋ፤ ችግሩ ደንበኛ ፊት ዝም አለማለታቸው ነው። አንድ የተከበሩ ሰው ኮት ሊለኩ ቆመው ሳሉ እማማ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ ይሄ ሆድ አምና አልነበረም አሏቸው። ሰውየው ኮቱን ሌላ ቦታ አሰፉ። ሚሊሜትር ከዚያ ወዲህ ያንን አልጋ ከሳሎን የሚያስወጣበት ሰበብ ሲፈልግ ከረመ።

ሰበቡ በእግሩ መጣለት። ከማዘጋጃ ቤት አንዲት የመሬት አጠቃቀም ተቆጣጣሪ ሐሙስ መጥታ ቤቱን እንደምታይ፣ ሥራው ከደንቡ ውጭ ከሆነ መኪናው እንደሚታሸግ ለሚስቱ ነግራ ሄደች። መኪናው ከታሸገ ቤቱ የሚበላው የለውም። ሚስቱ ቢሮ ሄደህ ደንቡን ጠይቅ ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለና ዋናው መንገድ ዳር ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ወዳጁ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ በቅርቡ ተፈትሾ በምስጋና ያለፈ ሰው ነው። ደረቱን ነፍቶ አስረዳው፤ ወለሉ ይጽዳ፣ ማስታወቂያ ይሰቀል፣ አልጋና ድስት ለዓይን እንዳይታይ፣ በጠቅላላው ሰው የሚኖርበት እንዳይመስል።

ሚሊሜትር ወገቡን አስሮ ተነሣ። የእማማን አልጋ ፈታትቶ ጎረቤት ግቢ አስቀመጠ። እሳቸውን ለቀኑ ብሎ ወደ ሌላዋ ልጃቸው ሸኛቸው፤ በልቡ ግን በዚያው ቢቀሩ አይጠላም። የራሱንና የሚስቱን አልጋ በጨርቅ ጥቅል ከምሮ የዕቃ መደርደሪያ አስመሰለው። ድስቱን ሁሉ ደበቀ። በሩ ላይ «ዘመናዊ ልብስ ስፌት» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቀለ።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ ሜትሯን ይዛ መጣች። ረጋ ያለች ወጣት ናት። ሰሌዳውን ሁለቴ አነበበች፣ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየች።

«እዚህ ቤት የሚኖር ሰው አለ?» አለችው።

«ኧረ በፍጹም! እዚህ ሥራ እንጂ ኑሮ የለም።»

ጓዳውስ ብትለው መጋዘን ነው አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች።

ተቆጣጣሪዋ አዝናለት አስረዳችው። ዋናው መንገድ የንግድ ክልል ነው፤ ከማዕዘኑ ወዲህ ያለው ግን የመኖሪያ ክልል። እዚህ ሰው በሚኖርበት ቤት ጎረቤት የማይረብሽ ሥራ መሥራት ይፈቀዳል፣ ሥራው ከቤቱ ሲሶውን ካላለፈ። ማንም የማይኖርበት ከሆነ ግን ቤቱ ሱቅ ነው፤ ሱቅ ደግሞ እዚህ ክልክል ነው።

ሚሊሜትር ቃሉን አጠፈ። እዚሁ ነው እኮ የምንኖረው፣ ስልሽ የነበረው ሁሉ ውሸት ነው ቢላት፣ ሲያዝ እንዲህ የማይል የለም አለችና ማሸጊያውን ከቦርሳዋ አወጣች።

በዚህ መሐል እማማ ገቡ። ከሌላዋ ልጃቸው ባል ጋር በቴሌቪዥን ሰበብ ተጣልተው ነው የተመለሱት። ማንንም ሰላም ሳይሉ የስፌት መኪናውን መሳቢያዎች ሳቡ። ከአንዱ የዓይን ጠብታቸውን አወጡ፣ ከሌላው የሌሊት ቆባቸውን፣ ከልብስ ቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውጥተው አጠለቁ። ከዚያ ወደ ጥጋቸው ዞሩና ደርቀው ቀሩ።

«አልጋዬስ?»

ተቆጣጣሪዋ ማሸጊያውን እንደያዘች፣ «እናቴ፣ እዚህ ነው የሚኖሩት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ታዲያ የት ልኑርልሽ? እሱ ነው እንጂ መኝታ ቤቴ ውስጥ እየሰፋ የሚያስቸግረኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። ማሸጊያው ወደ ቦርሳዋ ተመለሰ፣ ሜትሩ ተዘረጋ። የቤቱ ሲሶ ሲሰላ የሳሎኑ ግማሽ ሆነ፤ ሚሊሜትር በገዛ ጠመኔው ወለሉ ላይ እንዲያሰምር ታዘዘ። ወዲህ ሥራ፣ ወዲያ መኖሪያ። ሰሌዳውም ወረደ።

ያን ቀን አልጋውን ራሱ ተሸክሞ መልሶ ገጣጠመው። እኚህን ሴት ከቤት ለማስወጣት ስንት እንደደከመ ባሰበ ቁጥር ፊቱ በእፍረት ይግላል። እማማ ምንም አላወቁም፤ ያወቁት አንድ ነገር ሕግ ከጎናቸው መቆሙን ነው። በማግስቱ ደንበኛ እየለካ ሳለ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እግርህ መኖሪያ ክልል ገብቷል።»

እግሩን ሰበሰበ። ጎንበስ ሲል ታዲያ የእማማ አልጋ እግር መስመሩን አልፎ ወደ ሥራው በኩል አራት ጣት ያህል መግባቱን አየ። ሜትሩን አንገቱ ላይ መለሰና ወደ ደንበኛው ዞረ።