የወይዘሮ የውብዳር ወራሾች

ከቆንስላ የመጡ ሰዎች ቅዳሜ በኮሚኒቲው አዳራሽ አገልግሎት ይሰጣሉ ተብሎ፣ የሲያትል ሐበሻ ወረቀቱን ታቅፎ ወጥቶ ነበር። ከሬንተን የመጣው፣ ከቤልቪው የመጣው፣ ሁሉም ተሰልፏል። እኔ ከሌክ ሲቲ ገና በጠዋቱ ተነስቼ ብደርስም ቁጥሬ አርባ አንድ ሆነ። ደሜ ፈላ። ለነገሩ የኔ ደም ለመፍላት ብዙ ምክንያት አይፈልግም። ሥራዬ አረጋውያንን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን መንዳት ነው፤ ትዕግሥቴን ሁሉ እነሱ ላይ ስለምጨርስ ለሌላ ሰው አይተርፈኝም።

የመጣሁበት ጉዳይ የእናቴ ቤት ነው። እናቴ ወይዘሮ የውብዳር ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጉለሌ ያለው ቤቷ አሁንም በሷ ስም ነው። ብቸኛ ወራሿ እኔ መሆኔን ፍርድ ቤት አረጋግጦልኛል፤ የቀረው ስሙን ወደኔ ማዞር ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ጉዳዩን የሚከታተልልኝ ፊሊጶስ አዲስ ውክልና ያስፈልገዋል።

የፊሊጶስ እናት የእኛ ተከራይ ነበረች። ልጇ ሦስት ዓመት ሲሞላው "ለስድስት ወር ብቻ ያዙልኝ" ብላ እናቴ ጋ ትታው ቤይሩት ሄደች፤ በዚያው ወጥታ ቀረች። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ልጄ አለችው። ዲቪ ደርሶኝ እኔ ስሄድ እሱ ቀረ። ስኳሯ ጸንቶ እግሯ ሲቆረጥ አዝሎ ሐኪም ቤት ያመላለሳት እሱ ነው። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አገር ቤት የሄድኩት ሁለቴ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ የተጠራጠርኩት። ዛሬ አብራኝ የተሰለፈችው የሥራ ባልደረባዬ አገሬ፣ ቤቷን የገዛ ወንድሟ ሸጦባታል። "ዋ! በስምሽ ሳይዞር እንዳትተኚ" አለችኝ አንድ ቀን። "እኔን የበላኝ የእናቴ ልጅ ነው፤ ያንቺው ደግሞ የተከራይ ልጅ ነው።" ከዚያ ቀን ወዲህ በየሳምንቱ እየደወልኩ አፋጠጥኩት። ምን ደረሰ? ለምን ዘገየ? ካርታው ማን እጅ ነው? እሱ አንድም ቀን ድምፁን ሳይለውጥ "እሺ ወይኒዬ፣ ሰኞ እሄዳለሁ" ይለኛል፤ ሰኞም ይሄዳል።

የፍርድ ቤቱን ወረቀት ከአገር ቤት የመጣ ሰው ይዞልኝ ከመጣ ወር አልፎታል። ያኔ ያነበብኩት ስሜ ያለበትን የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነበር። ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲለኝ ጊዜ ከፖስታው አውጥቼ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ።

አንደኛ ምስክር ጎረቤታችን ወይዘሮ ባየሽ ናቸው። "ሟችን በእድር ከሠላሳ ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ወይንሸትና ፊሊጶስ።" ሁለተኛውም ምስክር "ሁለት ልጆች አሏቸው" ብለዋል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ማንም አላስጠናቸውም፤ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ "የአመልካች ወኪል አቶ ፊሊጶስ ለመናገር ጠይቆ ተፈቀደለት። ከሟች አልተወለድኩም፤ የጉዲፈቻ ውልም የለኝም። አሳድገውኝ ነው። ወራሻቸው ወይንሸት ብቻ ናት ሲል አስረድቷል።"

ደግሜ አነበብኩት። ሰውየው ዝም ቢል ኖሮ የቤቱ ግማሽ የሱ ነበር። ሌላ ቤት የለው፣ ሌላ ዘመድ የለው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሌባ ስጠብቀው ነበር።

መጀመሪያ አፈርኩ። ወዲያው ግን ተናደድኩና ደወልኩለት።

"ወይኒዬ፣ ደህና ነሽ? ተሳካልሽ?"

"ማን ነኝ ብለህ ነው አንተ ዳኛ ፊት ቆመህ እናቴን የምትክዳት?"

ምን ማለቴ እንደሆነ ገባው። "ኧረ አልካድኳትም። 'ከሟች የተወለደ ነው' ሲባል ዝም ልበል? አልተወለድኩማ።"

"እማማ ባየሽ ልጇ ነው ብለው የለም እንዴ!"

"እሳቸውማ አኩርፈውኛል። 'በሽበቴ ውሸታም አደረግከኝ' ብለው ወር ሙሉ ሰላምታ ነሱኝ።"

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት።

"እማዬ ያልሰጠችኝ ነገር የለም፣ ወይኒ። እሷ ባትኖር የት ወድቄ እንደምቀር አውቃለሁ" አለኝ። "ደግሞ አንቺም ስትደውዪ ጭንቀትሽ ይሰማኛል። በስምሽ ብቻ ሲሆን እረፍት ታገኛለሽ ብዬ ነው።"

ያውቅ ነበር ለካ። እየጠረጠርኩት መሆኑን እያወቀ ነው የሮጠልኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

አጠገቤ የነበረችው አገሬ ሁሉንም ሰምታለች። "ታዲያ… ምን ልታደርጊ ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ። ወረፋዬን እንድትጠብቅልኝ ነገርኳትና ወደ ጋሼ ሙላው ጠረጴዛ ሄድኩ። ጋሼ ሙላው አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እንዲህ ባለው ቀን ለሰው ሁሉ በነፃ ይጽፋሉ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ውክልናዬ ይቀየርልኝ። ቤቱ ወደኔ ከዞረ በኋላ ግማሹ በስጦታ ለፊሊጶስ እንዲሆን ነው።"

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። "ለምን ግማሹ? ከሰጡ አይቀር ሙሉውን የሚሰጡም አሉ።"

"ሙሉውን ብሰጠው ውለታዬን ከፈለችኝ ይላል። እኩል ከተካፈልን ግን እንደማንኛውም ወንድምና እህት ነው።"

"መልካም። ግን እሱ ሰጪም ተቀባይም ሆኖ አይፈርምም። ባንቺ ምትክ የሚፈርም ሌላ ወኪል ያስፈልግሻል።"

ብዙ አላሰብኩም። "ወይዘሮ ባየሽ" አልኳቸው።

ጋሼ ሙላው መጻፍ ጀመሩ። የፊሊጶስን ስም ከነአባቱ ስነግራቸው ብዕራቸው ቆመ፤ የኔን የአባት ስም አዩ፣ የሱን አዩ። ከዚያ ምንም ሳይጠይቁኝ "ወንድሜ ለሆነው" ብለው ጻፉ። እጃቸውን ይዤ ሳምኳቸው።

ቁጥሬ ሲጠራ ፈረምኩ፣ ማኅተም ተመታልኝ። ወጥቼ መኪናዬን ፓርክ ካደረግሁበት ስደርስ ፊሊጶስ ጋ መልሼ ደወልኩ፤ ያደረግሁትንም ነገርኩት።

"አይሆንም፣ ወይኒ። እኔ ለዚህ ብዬ…"

"አልጠየቅኩህም። ማኅተም አርፎበታል፤ አለቀ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

"አለሁ" አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። "እንግዲያው ነገ ዕቃዬን ወደ ቤት አስገባለሁ።"

"ከየት ነው የምታስገባው?"

"ከሰርቪሱ። ውሳኔው ከወጣ ጀምሮ እዚያ ነው የማድረው። ትልቁን ቤት ላንቺ ቆልፌልሻለሁ። አቧራ እንዳይበላው በየእሑዱ እየከፈትኩ እጠርገዋለሁ።"

በየሳምንቱ ስደውል፣ ካርታው የት ነው እያልኩ ስጮህበት፣ ለካ ከዚያች ጠባብ ክፍል ሆኖ ነበር "እሺ ወይኒዬ" የሚለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

"ነገ አትበለኝ" አልኩት እንደምንም። "አሁን ግባ።"

"አሁን?"

"አሁን። ስልኩን ሳትዘጋ።"

ግቢውን ሲያቋርጥ የእግሩ ኮቴ ተሰማኝ። ቁልፉ በሩ ላይ እስኪዞር ድረስ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም።