የዳኛ ዓመት

«ጡጦው በጎን ኪሱ ነው፤ ዳይፐሩ ከታች። ካለቀሰ ወደ መስኮቱ አዙሪው፣ መኪና ሲያይ ዝም ይላል» አለች አክስቷ፣ ሕፃኑን እያስታቀፈቻት።

ዳኛ አንድ እግሯ ቦት ጫማ ውስጥ፣ ሌላው በካልሲ እንደሆነ ነበር። ሕፃኑን የተቀበለችው ሊሰናበታት የመጣ መስሏት ነው። ጉንጩን ስማ ልትመልሰው ብትዘረጋ አክስቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ በሩ ዞራለች።

«ወዴት ነው አክስቴ?»

«ሥራ ነዋ! የወሊድ ፈቃዴ አለቀ እኮ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬም፣ ነገም። ምነው፣ እናትሽ አልነገረችሽም? ዓመቱን ሙሉ እቤት ናት አለችኝ እኮ!»

ዳኛ ስሟ አይደለም። ልጅ ሳለች ዳቦ ስትቆርስ ለሁሉም እኩል ካልደረሰ ማንንም ስለማታስነካ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። ወንድሟ የራሱን ድርሻ ውጦ «ይግባኝ» ይላት ነበር፤ አንድም ቀን አልተሳካለትም። ዘንድሮ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች፣ ምህንድስና ደረሳት። የግቢው ጎረቤቶች ሁላችንም እልል ብለን ሳንጨርስ «አንድ ዓመት ልቆይ» አለች። ዩኒቨርሲቲው ቦታዋን ለዓመት ሊያቆይላት ወዲያው ተስማማ። ወር የፈጀው ቤተሰቡ ነው። በእኛ ግቢ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወሩን ሙሉ አብረናቸው ተከራክረናል ማለት ይቻላል።

ነገሩን ያመጣው የመንገዱን የጎርፍ መውረጃ ሊለካ የመጣ ቀያሽ ነው። ረዳቱ ቀርቶበት የመለኪያ ዘንጉን የሚይዝለት ሲያጣ ዳኛ ያዘችለት። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፀሐይ ላይ ተገትራ ዋለች። በመለኪያ መሣሪያው መነጽር ስታይ የእናቷ ፀጉር ቤት ታፔላ ከመንገዱ ማዶ አፍንጫዋ ድረስ መጣላት። ማታ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ስትገባ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይተናት አናውቅም። ከዚያ በኋላ ስትለምነው፣ ስትለማመጠው፣ ቀያሹ ለዓመት በረዳትነት ሊይዛት ተስማማ። የመጀመሪያ ቀኗ ይህ ሰኞ ነው። መኪናው መታጠፊያው ላይ ይቆምላታል። ሰውየው ግን አስቀድሞ ነግሯታል፤ የሚያረፍድ ሰው አይጠብቅም፣ ሌላ ረዳት ይፈልጋል።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች።

እናቷ ከፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከፀጉር ቤቱ፣ ማበጠሪያ እንደያዘች ብቅ አለች። ሕፃኑን አየች፣ እህቷን አየች፣ ከዚያ የጣራውን ጥግ ማየት ጀመረች።

«ዛሬ ነው እንዴ? ሚቀጥለው ሳምንት መስሎኝ… ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«እማዬ፣ ሥራ ልገባ ነው።»

«ዘንግ ልትይዢ! ዘንግ የሚይዝ ሰው ይጠፋል?»

«ልጅ የሚይዝ ሰው ይጠፋል?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን!»

ጫጫታውን ሰምቶ አባቷ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ተሳፋሪ ሲጨቃጨቅ ጣልቃ የመግባት ልማድ አለበት። ነገሩን አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም» አለ። ዳኛ ደስ ሊላት ሲል ቀጠለ፤ «ማክሰኞና ሐሙስ አይሆንም። እናቴን ሕክምና የምታመላልሰው እሷ ናት። ለእህቶቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ነግሬያቸዋለሁ?» አለች ዳኛ።

«ቅዳሜ ደግሞ ለእኔ ናት» አለች እናት ቀልጠፍ ብላ። «ቅዳሜ ደንበኛው በር ላይ ነው የሚሰለፈው።»

«እንግዲያው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለእኔ ይሁን» አለች አክስት። «ለቀሪው ጎረቤቴን እለምናለሁ።»

ሦስቱም እፎይ አሉ። እንዴት ያለ ስምምነት! ባለዓመቷ መሀል ቤት ሕፃን ታቅፋ፣ በአንድ እግር ጫማ ቆማለች። ዳቦ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሲቆራረስ ዝም ብላ አታይም ነበር።

ወንድሟ አንሶላውን እንደ ካባ ደርቦ፣ ዓይኑን እያሸ መጣ። ከዩኒቨርሲቲ ለወር ዕረፍት ነው የመጣው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከጠረጴዛው ዳቦ አንሥቶ ጎረሰ።

«እሁድስ የማን ናት?» አለ። «የሚታጠብ ልብስ ነበረኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ዳኛ አልሳቀችም።

«እሱ ዓመት ሲቆይ ዓመቱን ለማን ለማን አከፋፈላችሁት?» አለች።

ሳቁ ቆመ። እሱም ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ አንድ ዓመት ቆይቷልና። ያን ዓመት ከእንቅልፉ ሲነሣ ምሳ ይደርስ ነበር። እናቱ «ቀስ በሉ፣ ልጁ እያሰበ ነው» ስትለን እኛም በግቢው ስናልፍ በእግር ጣታችን ነበር የምንሄደው። አባቱ ሐሳቡን እንዲያግዘው ጊታር ገዛለት። ልጁ የሦስት ዘፈን መግቢያ ተማረ፤ ጊታሩ አልጋ ሥር ገባ። አያቱን ሕክምና ውሰድ ያለው አልነበረም። ሕፃን ያዝ ያለውማ ከየት ይመጣል?

«የሱ ሌላ ነው» አለ አባት።

«ምኑ ነው ሌላ?»

አባት አረፋውን በመዳፉ ጠረገ። «እሱ… ሊያስብ ነበር።»

«እኔስ በምን የማስብ መሰለህ አባዬ? በእጄ?»

እናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ በማበጠሪያዋ ወደ ፀጉር ቤቱ አመለከተች። እዚያ ረዳቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እያጠበች ነበር።

«እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እሷም አንድ ዓመት ብላ ነው እኔ ጋ የመጣችው። ይኸው ስድስት ዓመቷ። አንዴ ልብሽ ከትምህርት ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ቢያንስ ዓይኔ ሥር ሁኚ።»

«እሷን ያስቀራት ዘንግ ነው?» ዳኛ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። «መጀመሪያ አክስትሽን አስታሚ አሏት፣ ቀጥለው የወንድምሽን ልጅ ጠብቂ አሏት። ዓመቱ ሲያልቅ አንድም የራሷ ቀን አልነበራትም። ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ፀጉሬን እያጠበች!»

ፀጉር ቤት ውስጥ የውሃው ድምፅ ተቋረጠ። ማንም ወደዚያ አላየም።

«ለዕረፍት ቢሆን እተኛ ነበር፤ መተኛት እኔም እችላለሁ» አለች ዳኛ፣ ሕፃኑን እያወዛወዘች። «ስንት ዓመት ሙሉ የማላውቀውን ነገር ከምማር፣ ዘንድሮ ጭቃውን ረግጬ፣ ፀሐዩን ቀምሼ ልየው አልኩ። ካልሆነልኝ ሳልጀምረው አውቃለሁ። ከሆነልኝ ሄጄ እማራለሁ። እናንተም እሺ ብላችኋል፤ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ! ለካ እሺ ያላችሁት ሠራተኛ አገኘን ብላችሁ ነው።»

ከመታጠፊያው ክላክስ ተሰማ። አንዴ፣ አጭር።

«እኔስ ምን ልሁን?» አክስት እንባዋ መጣ። «ዛሬ ካልገባሁ አለቃዬ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ፈቃዱንም በስንት ልመና ነው ያራዘመልኝ።»

ዳኛ አየቻት። ንዴቷ እዚያ ላይ ትንሽ ተሰበረ። አክስቷ የነገሯትን አምና የመጣች ናት፤ ልጇን ጥላ ለመሄድ ያን ሁሉ ስትቸኩል የነበረው ወደ ኋላዋ እንዳታይ ነው።

«ትገቢያለሽ አክስቴ» አለቻት። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ከዚያ ዞር ዞር ብላ ቤቱን ቃኘች። አባቷ ሰዓቱን ያያል። እናቷ የማበጠሪያዋን ጥርሶች አንድ በአንድ ትቆጥራለች ማለት ይቻላል። ወንድሟ ሁለተኛ ዳቦ አንሥቷል። ሄደችና ዳቦውን ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ በምትኩ ሕፃኑን አስታቀፈችው።

«ጡጦው በጎን ኪሱ ነው፤ ዳይፐሩ ከታች።»

«ለሱ?» አለች እናት። «ሕፃን ይዞ ያውቃል?»

«እኔስ ይዤ አውቃለሁ?»

ዳኛ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁለተኛውን ቦት ጫማ አጠለቀች። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረች። አባቷ ያልተላጨ ጉንጩን አከከ። ክላክሱ ደገመ፤ አሁን ረዘም ብሏል።

ወንድም ሕፃኑን እንደ ትኩስ ድስት ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል። አንሶላው ከትከሻው ወርዷል። የሕፃኑ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ቆይ! ዳኛ! ካለቀሰ ምን አደርገዋለሁ?»

እሷ በሩ ላይ ደርሳለች።

«አስብበት።»