ትህትናን የት እንላካት

ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ እናትነሽ መቀመጫ አጥታለች። ቀኑን ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ሰነድ ስታሯሩጥ ትውላለች፤ አመሻሽ ላይ አዳማ ስትገባ ደግሞ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ታነሳለች፣ የክረምት ካምፕ ፍለጋ። ልጇ ትህትና ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። የቤተክርስቲያን ጓደኞቿ በሙሉ ላንጋኖ ካምፕ ሊሄዱ ነው፤ እሷም ገና ሳይፈቀድላት ሻንጣዋን አውጥታ ሳሎን መሐል ገትራዋለች። እናትየዋ ግን ላንጋኖ የሚለውን ቃል ስትሰማ ወሬ ትቀይራለች።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ትህትና ሌሊት ሽንት ያመልጣታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐኪሙ "ስታድግ ይተዋታል" ብሏል፤ አባቷ ዘካርያስም ጠዋት ጠዋት ፍራሹን ፀሐይ ላይ እያሰጣ "ይተዋታል ተብሏል እኮ" ይላል። እናትነሽ ግን ነገሩን ከሁለቱም በላይ ታውቀዋለች። ቡልቡላ አክስቷ ዘንድ ስታድግ፣ አልጋዋን ባረጠበች ቁጥር አክስትየዋ ፍራሹን አሸክማ አስፋልት ዳር ለዳር ታዞራት ነበር። የሰፈሩ ልጆችም "ሽንታም! ሽንታም!" እያሉ ይከተሏታል። ይሄንን በልጄ አላይም ብላ ምላለች። ታዲያ ምክንያቷን ለማንም ትንፍሽ ሳትል ካምፕ ስታማርጥ፣ አያድርስ ነው!

ቢሾፍቱ ያለው የውሃ ዋና ካምፕ ሄዳ ፍራሽ በእጇ እየጫነች ስታይ፣ አስጎብኚዋ ልጅ አፍጥጣ ቀረች። ተደራራቢ አልጋ ስታይማ ጭራሽ ላብ አጠመቃት። አንዱን "መታጠቢያው ሩቅ ነው" ብላ ጣለችው፤ ሌላውን "ወባ አለ"። በመጨረሻ እዚያው አዳማ የኮምፒውተር ሥልጠና ተገኘ፤ ቀን አውሎ ማታ ቤት የሚመልስ። "ተገላገልኩ፣ እሱ ይሁን!" ስትል፣ ትህትና ትራሷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

"አንቺ ሴት፣" አለ ዘካርያስ ትዕግሥቱ አልቆ፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? ለአስተባባሪው ንገሪው፣ አለቀ።"

"በኢየሱስ ስም! የልጄን ገመና አደባባይ ላውጣው?"

የልጅቷ ለቅሶ ግን አንጀቷን በላው። እሑድ አምልኮ ሲያልቅ፣ ልጇን ይዛ የላንጋኖ ምዝገባ ሰልፍ ላይ ቆመች። በጆሮዋም "ከሰዓት በኋላ ውሃ የሚባል እንዳትጠጪ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ?" አለቻት።

አስተባባሪው ፍሬዘር የሚባል ተጫዋች ወጣት ነው። "እህት እናትነሽ፣ ተባረኪ! ስለ ትህትና ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ? የማይስማማት ምግብ፣ መድኃኒት?"

"ምንም የለም።"

"አለ፣" አለች ትህትና። "ማታ ሽንት ያመልጠኛል። ላስቲክ ይነጠፍልኝ፤ ደግሞ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሰው ይኑር።" የተናገረችው ልክ ውሃ ስጡኝ እንደሚባለው ነው።

እናትነሽ ክው አለች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮ ሆኖ ታያት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አይደል የሚባለው? "ኧረ ውሸቷን ነው! ቀልድ ትወዳለች!" አለችና ሳቀች። ፍሬዘርም አብሮ ሳቀ። ሰልፈኛውም ሳቀ። ትህትና ብቻ አልሳቀችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

"ላንጋኖ አልሄድም።"

"ለምን የኔ እናት? ተመዘገብሽ እኮ!"

"ይስቁባታል ብለሽ አይደል የፈራሽው? እነሱ እኮ አልሳቁም ነበር። አንቺ ስትስቂ ነው የሳቁት።"

እናትነሽ ዕድሜዋን ሙሉ አክስቷን ስትረግም ኖራ፣ ዛሬ በገዛ እጇ ልጇን ሰው ፊት አዋረደቻት! እንዴት ያለ ነገር ነው? የባጃጁን ሹፌር ትከሻ መታ መታ አደረገች።

"ወንድሜ፣ አዙርልኝ!"

"እህቴ፣ እዚህ ጋ መዞር አይቻልም።"

"እንግዲያው የሚቻልበት ጋ አዙር!"

ሰልፉ ገና አላለቀም። ልጇን በእጇ እየጎተተች ቀጥ ብላ ወደ ፊት ስታልፍ፣ አንዲት ሴት "እህቴ፣ ተራ አለ እኮ!" ብላ ጮኸች።

"እንዲያውም ተራ የያዘው ሁሉ ይስማ!" አለች እናትነሽ። "ፍሬዘር፣ ልጄ የነገረችህ እውነት ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሌሊት ሽንት ያመልጣታል። እኔም አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ያመልጠኝ ነበር!"

ፍሬዘር መዝገቡ ላይ ጻፈና "ላስቲክማ ሞልቷል። እንደ እሷ ያለ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም፤ እኛው እንቀሰቅሳታለን" አለ።

ትህትና የእናቷን እጅ ጭብጥ አድርጋ ያዘች፤ በሌላው እጇ አፏን ሸፍና በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።

"እማዬ ደግሞ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ያንቺን እኮ ማንም አልጠየቀሽም።"